የንባብ ፍጥነት በወልቂጤና በቡታጅራ

የንባብ ፍጥነት አንድ ሰው በደቂቃ አንብቦ የሚረዳው የቃላት ብዛት ነው። ሳይገባ የታለፈ ቃል ሊቆጠር አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው የማርክ ብሪስባርት ጥናት ልብ ወለድ ያልሆነ ጽሑፍ ድምፅ ሳያሰማ የሚያነብ አዋቂ የእንግሊዝኛ አንባቢን አማካይ ፍጥነት በደቂቃ 238 ቃል አድርጎ ገምቶታል። ይህን ቁጥር ለአማርኛ መዋስ ግን ስህተት ነው፤ የአማርኛ ግሥ ባለቤቱን፣ ተሳቢውንና አሉታውን በአንድ ቃል ይይዛል፣ ፊደሉም መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ አንባቢው ከዐውዱ መለየት አለበት።

በጉራጌ ከተሞች በወልቂጤና በቡታጅራ በዚህ ላይ ሌላ ሸክም ይታከላል። ብዙ ልጆች በቤታቸው ቸሃ፣ መስቃን ወይም ክስታኔ የተባሉትን የጉራጌ ቋንቋዎች እየተናገሩ አድገው ንባብን የሚማሩት በአማርኛ ነው። ፊደሉን ለይተው ትርጉሙ ሊያመልጣቸው ይችላል፤ ይህን የትኩረት ማነስ ብሎ መፈረጅ ልጆቹን መበደል ነው። በቸሃ የተጻፈ መጽሐፍም ጥቂት ነው፤ የሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም የቸሃ ልብ ወለድ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1964 ለአንባቢ የደረሰው በእንግሊዝኛ ትርጉም ነበር።

የንባብ ችግር ግን የእነዚህ ከተሞች ብቻ አይደለም፤ በ2002 ዓ.ም. በበርካታ የኢትዮጵያ ክልሎች የተካሄደ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ አሳይቷል።

ለጀማሪ፣ አጭር ምንባብ ድምፅ እያሰሙ መደጋገም ከብዙ ገጽ ይሻላል። ለተለማመደ አንባቢ ግን የዘወትር ንባብ ይጠቅማል፤ በቀን 10 ገጽ የሚያነብ አዋቂ ከ500 ገጽ በላይ ያለውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በሁለት ወር ገደማ ይጨርሳል።