«ቆሻሻ መጣል ክልክል ነው»

ከሚዛን ተፈሪ ወደ ቴፒ በአውቶቡስ የተጓዘ ሁሉ ሸኮን ያውቃታል። ግራ ቀኙ ደን፣ ከደኑ ሥር ቡና። በዚህ መንገድ የሙዝ ልጣጭ በመስኮት መወርወር ነውር ሆኖ አያውቅም፤ መሬቱ ይበላዋላ! ኮባውም የቡናው ገለፈትም ያው ነው። ነገሩን ያበላሹት ፌስታልና ሃይላንድ ናቸው።

«ሃይላንድ» የአንድ የታሸገ ውኃ ስም ነበር፤ ኋላ የባዶው ጠርሙስ ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። በብዙ የአገራችን መንገዶች ልጆች መኪና ባዩ ቁጥር «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ ይሮጣሉ። ጠርሙሱ ለዘይት፣ ለላምባ፣ ለውኃ ይሆናላ። እኛም ጨልጠን እንወረውርላቸዋለን። ታዲያ ይኸ ቆሻሻ መጣል ነው ወይስ ስጦታ?

ሕጉን ብንጠይቅ መልሱ ያስገርማል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 መንገድ ላይ ቆሻሻ መጣልን ሲከለክል፣ የቆሻሻ ማጠራቀሚያ እያለ ብሎ ነበር። ቅርጫት በሌለበትስ? በየአጥሩ በቀለም የተጻፈው «ክልክል ነው» ግን ቅርጫት ይኑር አይኑር አይጨነቅም። ማን እንደከለከለም አይናገርም። አንዳንዱማ «በሕግ ያስቀጣል» ይልና፣ ከሥሩ የቆሻሻ ክምር ተንተርሶት ይገኛል።

ሌላው ዓለም በሥዕልም በቀልድም ሞክሯል። እንግሊዞች ቆሻሻውን ወደ ቅርጫት የሚጥል ሰው ሥለው በየዕቃው መጠቅለያ ላይ አተሙ፤ ፊደል ያልቆጠረም ያነበዋል። የአሜሪካዋ ቴክሳስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1985 በእነሱ ቋንቋ «አትቀልድብን»ም «አታቆሽሸን»ም የሚያሰኝ አንድ ኃይለ ቃል አወጣች። የታለመው የቢራ ጣሳ ከመኪናው ለሚወረውር ጎረምሳ ነበር። «እባክህ» ቢባል የሚስቅ ጎረምሳ፣ አገሩን የደፈሩበት ሲመስለው ራሱ ዘበኛ ሆነ። እስከ 1990 ድረስ በአውራ ጎዳናዎቹ ላይ የሚጣለው ቆሻሻ 72 በመቶ ገደማ ቀነሰ ይባላል። ማስታወቂያው የተሳካለት ለማን እንደሚናገር ስላወቀ ይመስለናል።

እስቲ ሸኮ ላይ አንድ ሰሌዳ እንትከል። በምን ቋንቋ? ሸክኛ፣ ቤንችኛ፣ ማጃንግኛ፣ ካፍኛ፣ አማርኛ የሚናገር ሁሉ በዚያ ያልፋል። በሥዕል እንዳንል፣ የሚሣለው ቅርጫት እውነተኛው ከየት ይመጣል? ቢመጣስ ማን ያነሣዋል? ተነሥቶስ የት ይደፋል? አዲስ አበባ የሰበሰበችው ቆሻሻ ቆሼ ላይ ተራራ ሆኖ፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ገድሏል። ከየደጃፉ የጠፋው ቆሻሻ ሌላ ሰው ደጃፍ ላይ ነበር።

በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅ ፌስታልን ከልክሏል። መልካም ነው። ከሸኮ ሙዝ ሻጮች ሙዝ ስንገዛ በምን እንደምንይዘው ገና አልተስማማንም፤ ከመካከላችን አንዱ ኮባ ይበቃል ባይ ነው፣ ሌላው ጋቢውን ዘርግቶ ተቀብሏል።