የዊልቸር ተደራሽነት

መንቀሳቀስ የሚቸገር ሰው ለአካሉና ለሚኖርበት አካባቢ የሚስማማ ተሽከርካሪ ወንበር ከነጥገናው፣ ከነመንገዱ የማግኘት መብት አለው። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 20 መንግሥታት የግል እንቅስቃሴን እንዲያመቻቹ ያስገድዳል፤ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃዋለች። ቀደም ብሎ የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001ም ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለዊልቸር ተጠቃሚዎች እንዲመቹ ደንግጓል።

የመብት ተሟጋቾች ወንበር ማደል ብቻውን አይበቃም ይላሉ፤ ልክም ናቸው። ለሆስፒታል ኮሪደር የተሠራ ወንበር ኮብልስቶን ላይ ሲወጣ ትናንሾቹ የፊት ጎማዎች ድንጋዮቹ መካከል ይቀረቀራሉ፤ ተቀማጩም በግንባሩ ሊደፋ ይችላል። ለእንዲህ ያለ መንገድ የፊት ጎማው ራቅ ብሎ የተተከለ ባለሦስት ጎማ ወንበር ይሻላል። ትራሱም ቅንጦት አይደለም፦ ከወገቡ በታች ስሜት የሌለው ሰው በማይስማማው መቀመጫ ላይ ሲውል ሳይታወቀው ይቆስላል፤ ቁስሉም ለሕይወቱ ሊያሰጋው ይችላል።