ከቀብድ እስከ ካርታ

ሻጭና ገዢ በዋጋ ከተስማሙ፣ ቀብድም ከተሰጠ በኋላ ቤቱ የገዢው እስኪሆን ድረስ ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? ይህን ጥያቄ አዳማ ላይ ለአንድ ደላላ ብታቀርቡለት «ፋይሉ ንጹሕ ከሆነ ቶሎ ነው» ይላችኋል። «ፋይሉ ንጹሕ ካልሆነስ?» ስትሉት ወሬ ይለውጣል። እኔ ባለፉት ዓመታት ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ባሉት የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ለዘመድ ለወዳጅ እማኝ ሆኜ ስፈርም፣ ሰነድ አቅፌ ስሰለፍ የተረዳሁት መልሱ በቀን መቁጠሪያ ላይ እንደማይገኝ ነው። ያለፉት መንግሥታት እያንዳንዳቸው በዚያ ፋይል ላይ አንዳንድ ማኅተም ትተው ሄደዋል፤ ገዢው በየመስኮቱ ቆሞ የሚጠብቀው እነርሱን ነው።

ነገሩን ከጥንቱ እንጀምረው። በ18ኛው ምዕት ዓመት በጎንደር መሬትም ቤትም ይሸጥ ነበር፤ ሽያጩም በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ ይጻፍ ነበር። የሻጩና የገዢው ስም፣ ዋጋው በወቄት ወርቅ፣ ምስክሮቹና ዋሱ ተመዝግበው ይገኛሉ። የታሪክ ምሁሩ ዶናልድ ክራሚና ባልደረቦቻቸው እነዚህን ጽሑፎች ለዓመታት አጥንተዋቸዋል፤ ከመጻሕፍቱም ብዙዎቹ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ተዘርፈው ዛሬ ለንደን ይገኛሉ። (የቅድመ አያቶቻችንን የቤት ሽያጭ ለማንበብ ቪዛ የምንለምን መሆናችን ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል።) መቼም ያንን ዘመን ለማወደስ አይደለም፤ ከገዢዎቹ ብዙዎቹ መኳንንትና ካህናት ነበሩ። ይሁንና መዝገቦቹን እኔ እንደምረዳቸው ስምምነቱ፣ ምስክሩና መዝገቡ በአንድ ስፍራ የሚገናኙ ነበሩ። ሦስቱ በየፊናቸው የተበታተኑት ከዚያ በኋላ ነው።

አዳማ ከጎንደር በዕድሜም በጠባይም የራቀች ናት። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የምድር ባቡር በመንገዱ ላይ ካሳደጋቸው ከተሞች አንዷ ነች። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናዝሬት አሏት፤ በ1992 ዓ.ም. ደግሞ የቀድሞ ስሟ ተመለሰላት። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ የቆቃ ግድብም ሲከተል፣ ደመወዝተኛውና ነጋዴው በዙ፤ እነርሱ ሲበዙ ቤትም የሚሸጥ የሚገዛ ነገር ሆነ።

ልክ በዚያን ጊዜ፣ በ1952 ዓ.ም.፣ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ወጣ። አርቃቂው ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ነበሩ። ሕጉ ስለማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ከቁጥር 1553 ጀምሮ አንድ ሙሉ አንቀጽ መድቧል፤ መዝገቡ እንዴት እንደሚከፈት፣ ምን ምን እንደሚገባበት፣ መዝጋቢው ቢያጠፋ ምን እንደሚሆን ሁሉ ተደንግጓል። ደቡብ አውስትራሊያ በሮበርት ቶረንስ ሐሳብ መሬቷን ያስመዘገበችበት ሕግ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የ1858 ነውና እኛ ከመቶ ዓመት በኋላ መድረሳችን እንኳ ክፉ አልነበረም። ነገር ግን የሕጉን መጨረሻ ገለጥ ብታደርጉ ቁጥር 3363ን ታገኛላችሁ። ስለመዝገብ የተጻፈው ያ ሁሉ በነጋሪት ጋዜጣ በሚወጣ ትእዛዝ ቀኑ እስኪገለጽ ድረስ አይሠራም ይላል። ትእዛዙ አልወጣም። ንጉሠ ነገሥቱም፣ ደርግም፣ ኢሕአዴግም ሳያወጡት አለፉ።

መዝገቡ ባይከፈትም መዝገቡን የሚጠይቁት ቁጥሮች ግን ሥራ ላይ ናቸው። የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ካልሆነ ዋጋ እንደሌለው ቁጥር 2877 ይናገራል። በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው ሰው ፊት መሆን እንዳለበት ቁጥር 1723 ያዛል። ሽያጩ በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ካልተጻፈ በሦስተኛ ወገን ላይ መቃወሚያ እንደማይሆን ቁጥር 2878 ይደነግጋል። የትኛው መዝገብ? በተግባር ክፍተቱን የሞላው የማዘጋጃ ቤቱ ፋይል ነው፤ ፋይል ደግሞ ይጠፋል፣ ይቀደዳል፣ «ሰውየው መስክ ወጥቷል» በሚባል ሰው መሳቢያ ውስጥ ይቆለፋል።

በዚህ መካከል ነው እንግዲህ ቀብድ የሚባለው ነገር የሚመጣው። ሕጉ ከቁጥር 1883 እስከ 1885 ስለቀብድ ሲናገር፣ ቀብድ መስጠት ውል መደረጉን ያስረዳል፤ ሌላ ስምምነት ከሌለ ግን ሰጪው ቀብዱን ትቶ፣ ተቀባዩም እጥፉን መልሶ ከውሉ መውጣት ይችላል ይላል። በጸና ገበያ ይህ ጥሩ ሚዛን ነው። ዋጋ በየወሩ በሚጨምርበት ከተማስ? አዳማ ከ1992 እስከ 1997 ዓ.ም. የኦሮሚያ ዋና ከተማ በሆነችባቸው ዓመታት ቢሮውም ሠራተኛውም ወደዚያ ሲሄድ፣ በ2006 ዓ.ም. የፍጥነት መንገዱ ሲከፈት፣ ቤት ፈላጊ በዛ። መቶ ሺህ ብር ቀብድ የተቀበለ ሻጭ፣ ሌላ ገዢ ሦስት መቶ ሺህ ጨምሮ ሲመጣለት፣ ሁለት መቶውን መልሶ ሁለት መቶ ያተርፋል። ጊዜው በረዘመ ቁጥር ፈተናው ይበረታል። ስለዚህ ገዢው ምን ያደርጋል? ሻጩ እንዳያመልጠው ይጣደፍና ሙሉውን ገንዘብ አስቀድሞ ይከፍላል።

በእንግሊዝ አገር ዋጋው ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ወራት ይፈጃል ብለው ሲያማርሩ ይሰማሉ። እዚያም ውል ተፈራርመው እስኪለዋወጡ ድረስ ማንም ወገን ሊወጣ ይችላል። ልዩነቱ እዚያ አብዛኛው ገንዘብ የሚያልፈው በመጨረሻ፣ ከቁልፉ ጋር ነው። እኛ ዘንድ ገንዘቡ ይቀድማል፣ ባለቤትነቱ በእግሩ ይከተላል። ችግራችን የቀኑ ብዛት ብቻ ቢሆን ኖሮ እታገሠው ነበር፤ ቀኑ እስኪያልቅ ገንዘቡም ቤቱም በአንድ ወገን እጅ መሆናቸው ነው ነገሩን የሚያከብደው።

ወደ ፋይሉ እንመለስ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ቀረለት፤ በወር ከመቶ ብር በታች የሚከራዩት ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያሉት ወደ ኪራይ ቤቶች ሄዱ፤ የተከራዩም ኪራይ ተቀነሰለት። አዋጁ ብዙ ተከራይን ከጭሰኝነት ማላቀቁን የሚክድ የለም፣ እኔም አልክድም። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤት የሚሸጥ ሰው የሚሸጠው ግድግዳና ጣሪያ ሆነ፤ ቦታው የሌላ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ይህንኑ አጸና፦ መሬት አይሸጥም አይለወጥም፣ በላዩ የተሠራው ግን ይሸጣል። ዋጋ ስትነጋገሩ የምትነጋገሩት ስለቦታው እንደሆነ ሻጩም ገዢውም ደላላውም ያውቃሉ፤ ውሉ ላይ ግን የሚጻፈው ስለቆርቆሮውና ስለጭቃው ነው። በከተማዋ ዳር ከገበሬ የሚገዛውማ ጭራሹን «ብድር» ወይም «ስጦታ» ተብሎ ይጻፋል።

ለዚህ ነው በአዳማ መሀል ያለ አሮጌ ቤት ሲሸጥ ሦስት ዘመን የሚመረመረው። ቤቱ ከተወረሱት አለመሆኑ፣ ቦታው በማን ስም ተመርቶ እንደነበረ፣ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት። በፋይሉ ውስጥ የንጉሡ ዘመን ወረቀት በአማርኛ ነው፣ የቅርቡ በአፋን ኦሮሞ ቁቤ ነው፤ ሁለቱን የሚያስተያይ ሰው ማግኘት ራሱን የቻለ ቀጠሮ ይጠይቃል። ከዚያ የጋብቻ ጉዳይ ይመጣል። የቤተሰብ ሕጉ ባልና ሚስት ተስማምተው ካልፈረሙ የጋራ ቤት አይሸጥም ማለቱ ብዙ ሴቶችን ከሜዳ መውደቅ ያዳነ ነውና ለእርሱ የሚጠፋው ጊዜ አይቆጨኝም። ከዚያም ግምቱ፣ ግብሩ፣ የቴምብር ቀረጡ 2 በመቶ። ቀረጡን ለመቀነስ ውሉ ላይ ዋጋውን አሳንሶ መጻፍ የተለመደ ነው፤ ሽያጩ ቢፈርስ ገዢው የሚያስመልሰው የተጻፈውን ብቻ መሆኑን የሚያስታውሰው ግን ጥቂት ሰው ነው።

በ1999 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 አንድ ውሳኔ ሰጠ። በቁጥር 1723 መሠረት ያልተመዘገበ የቤት ሽያጭ ውል አይጸናም አለ። በአዋጅ ቁጥር 454/1997 መሠረት ይህ ትርጉም የክልል ፍርድ ቤቶችንም የሚያስገድድ ነበር። ከሕግ ቃል አንጻር ውሳኔውን መንቀፍ ይከብዳል። ነገር ግን በሠፈር ሽማግሌ ፊት ፈርሞ፣ ከፍሎ፣ ገብቶ የሚኖረው ሰው ስንት ነበር? ቤቱ በእጥፍ የተወደደለት ሻጭ «ውላችን ፈራሽ ነው» ብሎ ለመነሣት በር ተከፈተለት። ችሎቱ ቆየት ብሎ፣ ሻጩ ውሉን ካልካደ በሚል አቋሙን አለዘበው፤ እስከዚያ ግን የተናጋው ተናግቷል።

የሊዝ ሕጉ ደግሞ ሌላ መዘዝ ይዞ መጣ። በኅዳር 2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 721 ግንባታው ከግማሽ በታች የሆነ የሊዝ ቦታ ሲተላለፍ ሻጩ ከቦታው ትርፍ 5 በመቶ ብቻ እንዲያገኝ ወሰነ፤ ነባር ይዞታም ከውርስ በቀር ሲተላለፍ ወደ ሊዝ እንዲገባ አደረገ። ሐሳቡ ግምታዊ ንግድን ለመግታት ነበር። ሰዉ ግን መንገድ አላጣም፤ ውክልና የሚባል መንገድ ነበረ። ሻጩ ገንዘቡን ይቀበልና ለገዢው «እንደ እኔ ሆኖ ይሥራ» የሚል ውክልና ይሰጠዋል፤ ስሙ ባለበት ይቆያል።

አጎቴ የገዙት በዚህ መንገድ ነበር። ጡረተኛ መምህር ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ያጠራቀሙትን ከፍለው ከስምጥ ሸለቆ ከተሞች በአንዷ በጅምር ያለ ቤት ገዙ፣ ጨረሱት፣ ገቡበት። ስም ለማዛወር ሲሄዱ «አገልግሎቱ ለጊዜው ታግዷል» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎ አገኙ። ለጊዜው የተባለው ከዓመት አለፈ። በዚያ መካከል ሻጩ ሞቱ። ውክልና ደግሞ በቁጥር 2232 መሠረት ወካዩ ሲሞት ይቀራል። ወራሾቹ አራት ነበሩ፤ ሦስቱ የአባታቸውን ቃል አከበሩ፣ አንደኛው ድርሻውን ጠየቀ። አጎቴ ለሁለተኛ ጊዜ ከፈሉ። «እኔ ልጆቼን ያስተማርኩት አንድ ጊዜ ከፍሎ አንድ ጊዜ መግዛት ነበር» ብለውኛል፤ ከዚያ ወዲያ ስለነገሩ አያነሡም።

በ2006 ዓ.ም. የከተማ ቦታ ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818 ወጥቷል። ይዞታው በካዳስተር ተለክቶ ከተመዘገበ፣ ቁጥር 1553ና ተከታዮቹ የተመኙት ነገር በሌላ ስም መጣ ማለት ነው። ሩዋንዳ በጥቂት ዓመታት ከ10 ሚሊዮን በላይ ይዞታ መዝግባለች፤ የእኛ እርምጃ ከከተማ ከተማ ይለያያል። ፋይሉ ንጹሕ የሆነለት ሰው በሳምንታት ሲጨርስ አይቻለሁ፤ ያልሆነለት ልጁን አስመርቆ ካርታውን ገና ሲጠብቅ አይቻለሁ።

ለሚጠይቁኝ ወዳጆች የምላቸው አንድ ነው፦ ገንዘቡን በሲፒኦ አሠሩት፣ ስሙ ሳይዞርም ከእጃችሁ አታውጡት። ምክሬን ተቀብለው ለሻጩ ሲነግሩት ግን ብዙውን ጊዜ እሺ አይልም። ክፉ ሆኖ አይደለም። እርሱም ሌላ ቤት ሊገዛ ቀብድ አስይዟል፤ የዚያኛውም ቤት ሻጭ እንዲሁ።