መድኃኒት ያለው ሕመም፦ ከያቭነ ሊቃውንት እስከ ዛሬው ሐኪም



ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ በቤታችን ብዙ ጊዜ በዝምታ የሚታለፍ ነው። አባወራው ከሥራ ሲመለስ ድካሙ አይለቀውም፣ ከባለቤቱ ጋር ያለው ቅርርብ ይቀዘቅዛል፣ ነገር ቶሎ ይከፋዋል። ሚስት «ጠላኝ» ትላለች፤ እሱም የሆነውን ለማንም አይናገርም። የዚህ ሁሉ ምክንያት ብዙ ሊሆን ይችላል። ከምክንያቶቹ አንዱ ግን በደም ምርመራ የሚታወቅ ሕመም ነው፤ ይኸውም ቴስቶስትሮን የሚባለው የወንድ ሆርሞን ማነስ ነው። ታሪኩን ወደ ኋላ ብንከታተለው ከምንኖርባት ከያቭነ ጋር የሚገናኝ ሆኖ እናገኘዋለን።

ነገሩ ለገበሬ ልጅ እንግዳ አይደለም። በአገር ቤት ወይፈን ለእርሻ እንዲገራ፣ ፍየልም ሙክት ሆኖ እንዲሰባ ይኮላሻል። የተኮላሸ እንስሳ ይሰባል፣ ለጠብ አይነሣም፣ አይወልድም። ከዘር ፍሬ የሚወጣ አንድ ነገር መላ አካልን እንደሚያዝ አባቶቻችን ስሙን ባያውቁትም ሥራውን ያውቁ ነበር።

በሰው ላይ ሲደርስ ግን ነገሩ ከባድ ነው። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 23 ፍሬው የተቀጠቀጠ ሰው ወደ ጉባኤው እንዳይገባ ይከለክላል። ነቢዩ ኢሳይያስ ደግሞ በምዕራፍ 56 ሰንበትን የሚጠብቅ ጃንደረባ ልጅ ባይወልድም ስሙ እንደማይጠፋ ያጽናናዋል። በኢየሩሳሌም ያለው የሾዋ መታሰቢያ ያድ ቫሼም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ምዕራፍ ነው።

ቤተ መቅደሱ እ.ኤ.አ. በ70 ከፈረሰ በኋላ ራባን ዮሐናን ቤን ዛካይ ሊቃውንትን በያቭነ ሰበሰበ። ደቀ መዛሙርቱ ረቢ ኤሊዔዘርና ረቢ ዮሹዋ፣ ከእነርሱም የተማረው ረቢ አኪቫ ስለ ስልብ ሰው የተናገሩት እ.ኤ.አ. በ200 ገደማ በተሰበሰበው ሚሽና፣ የቫሞት በሚባለው ክፍል በምዕራፍ 8 ተጽፏል። እኛ በኢትዮጵያ የያዝነው ኦሪትን ስለነበረ ይህ ክርክር ለብዙዎቻችን አዲስ ነው።

ጥያቄው እንዲህ ነበር። ልጅ ሳይወልድ የሞተ ሰው ሚስት የባሏን ወንድም ታገባለች፣ ወይም ሐሊጻ በሚባል ሥርዓት ትሰናበታለች። ይህ ሕግ ባልየው ስልብ ከሆነ ይሠራል ወይ? ረቢ ዮሹዋ ሁለት የተለያየ ነገር መስማቱን፣ ግን ማስረዳት እንደማይችል ተናገረ። ሊቃውንቱ ሁለት ዓይነት ሰዎችን ለዩ፤ አንዱ በሰው እጅ ወይም በጉዳት የሆነ፣ ሌላው «የፀሐይ» የተባለው፣ ማለትም ፀሐይን ካየበት ቀን ጀምሮ እንደዚያ የሆነ። ረቢ አኪቫ ሕጉ ለመጀመሪያው ይሠራል አለ፤ ያ ሰው ደህና የነበረበት ጊዜ ነበረውና። ረቢ ኤሊዔዘር ግን ለሁለተኛው ነው አለ፤ ምክንያቱም ያ ሰው መድኃኒት አለው። በኋላ የተጻፈው ታልሙድ ምልክቶችን ይቆጥራል፦ ጢም አለማብቀል፣ የቆዳ መለስለስ፣ የድምፅ መቅጠን። የዛሬ ሐኪምም ጉርምስናው የዘገየን ወጣት ሲመረምር ጢሙንና ድምፁን ያያል።

እነሆ፣ ከ1900 ዓመት ገደማ በፊት ጉዳዩ የመድኃኒት ጥያቄ ሆኖ ተነሥቶ ነበር። መልሱ ግን ብዙ ዘመን ፈጀ። እ.ኤ.አ. በ1849 በጀርመን አገር በርቶልድ የሚባል ሊቅ አውራ ዶሮዎችን አኮላሸ። ፍሬው ተመልሶ በሆዳቸው ውስጥ የተተከለላቸው እንደ ቀድሞው ጮኹ፣ ተዋጉም። ኃይሉ በደም እንደሚሄድ የታወቀው በዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1889 በፓሪስ የ72 ዓመቱ ሐኪም ብራውን ሴካር ከውሻና ከጊኒ ፒግ ፍሬ የተጨመቀ ውኃ ራሱን ወግቶ «ጎልማሳ ሆንኩ» አለ፤ ብዙ ሰውም ተከተለው። በኋላ እንደታወቀው ጭማቂው ይህን ያህል የሚሠራ ሆርሞን አልነበረውም፤ የሠራው ተስፋው ነው። እውነተኛው ቴስቶስትሮን ከኮርማ ፍሬ ተጣርቶ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1935 በአምስተርዳም ሲሆን፣ በዚያው ዓመት በቤተ ሙከራ ተሠራ። ይህን የሠሩት ቡተናንትና ሩዚችካ እ.ኤ.አ. በ1939 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው።

አንዱ ታላቅ ሊቅ ወደዚህ አገር የመጣ ስደተኛ ነው። ፕሮፌሰር በርንሃርድ ጾንዴክ ናዚዎች ከጀርመን ሥራው ካባረሩት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1934 ኢየሩሳሌም ገብቶ በሐዳሳ ሠራ። ከአንጎል ሥር ያለች ትንሽ ዕጢ የዘር ፍሬንና የሴትን እንቁላል ማፍሪያ በሆርሞን እንደምታዝ ካሳዩት አንዱ ነው። ስለዚህ ዛሬ ሐኪም የሚጠይቀው የተጎዳው ፍሬው ነው ወይስ አዛዡ ዕጢ ብሎ ነው። ሕክምናውም እንደዚያው ይለያያል።

ውድ ቤተሰቦች፣ ከዚህ ታሪክ ለኑሯችን የምንወስደው አለ።

አንደኛ፣ ድካም ሁሉ የሆርሞን ማነስ አይደለም። የሌሊት ፈረቃ፣ ሐዘን፣ የዕዳ ሐሳብ፣ የስኳር በሽታና ውፍረትም ሰውን ያደክማሉ፤ ስኳርና ውፍረት ደግሞ ሆርሞኑን ራሱን ይቀንሳሉ። ወገኖቻችን ከአገር ሲመጡ ስኳር እምብዛም አልነበረባቸውም፤ እዚህ ምግብና ኑሮ ሲለወጥ በዛ። በመሆኑም በኩፓት ሆሊም የቤተሰብ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ደሙ የሚቀዳው በማለዳ ነው፤ ሆርሞኑ ከፍ የሚለው ያኔ ነውና። አንሶ ከተገኘ በሌላ ቀን ይደገማል።

ሁለተኛ፣ ሕክምናው በቆዳ የሚቀባ ቅባት ወይም መርፌ ነው። ሐኪሙ የደም ውፍረትንና ፕሮስቴትን ይከታተላል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ፣ ከ5000 በላይ ወንዶችን የያዘ ጥናት ሆርሞኑ አንሶ በተገኘባቸው ሰዎች ሕክምናው የልብ ድካምንና ስትሮክን እንዳላበዛ አሳይቷል፤ የልብ ምት መዛባትና በሳንባ ውስጥ የደም መርጋት ግን በዝቶ ታይቷል።

ሦስተኛ፣ ይህን ልብ በሉ፤ ከውጭ የሚሰጥ ቴስቶስትሮን የዘር ፈሳሹን ፍሬያማነት ያደርቃል። ልጅ የምትፈልጉ ባለትዳሮች ከመጀመራችሁ በፊት ለሐኪሙ ተናገሩ። በስፖርት ቤት ጡንቻ ለማውጣት መርፌ የሚገዙ ልጆቻችሁንም ንገሯቸው።

በመጨረሻ፣ ወደ ሐኪም ስትሄዱ ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ። አባት በልጁ ፊት እንዲህ ያለውን ነገር አይናገርም፤ ልጅም ሊሸከመው አይገባም። ትልቅ ሰው አስተርጓሚ እንዲቀርብላችሁ ጠይቁ፤ ባለቤታችሁም አብራችሁ ትግባ። ረቢ ኤሊዔዘር መድኃኒት አለው ያለው ሰው በእሱ ዘመን መድኃኒቱን ፍለጋ ሩቅ መሄድ ሳያስፈልገው አልቀረም፤ እኛ ግን የምንሄደው እስከ ሰፈራችን ክሊኒክ ነው።