የመርጡለ ማርያም ትውፊትና የሊቃውንት ማዕርግ በጥንታዊው የክርስትና ታሪክ ጥናት

ክርስትና ወደ ኢትዮጵያ ስለገባበት ዘመን በሚደረገው ክርክር ውስጥ፣ ከማስረጃው ይልቅ የተናጋሪው ማዕርግ ሲመዘን በተደጋጋሚ ይታያል። አንዱ ወገን የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ የሌለውን ሊቅ እንደ ተረት ነጋሪ ሲቆጥረው፣ ሌላው ግእዝ ያልዘለቀውን ዶክተር እንደ ባዕድ ተመልካች ያየዋል። በምሥራቅ ጎጃም የምትገኘው መርጡለ ማርያም ይህን ክርክር በአንድ ስፍራ አሰባስባ ታሳያለች።

በደብሩ ትውፊት መሠረት፣ ስፍራው አስቀድሞ መሥዋዕተ ኦሪት ይሠዋበት የነበረ ሲሆን፣ ቤተ ክርስቲያኑን በ4ኛው መቶ ዓመት የመሠረቱት ወንድማማቾቹ ነገሥታት አብርሃና አጽብሐ ናቸው። የታሪክ ጸሐፍት ግን ዛሬ ፍራሹ የሚታየውን በቅርጽ ያጌጠ የድንጋይ ሕንጻ ከ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከንግሥት እሌኒ ሥራና ከ17ኛው መቶ ዓመት የኢየሱሳውያን እድሳት ጋር ያያይዙታል። የሕንጻው ዕድሜ የስፍራውን ዕድሜ አይወስንም፤ ትውፊቱም ብቻውን ሕንጻውን ወደ 4ኛው መቶ ዓመት አያደርሰውም።

የንጉሥ ዒዛናን ክርስቲያንነት በሳንቲሞቹ ላይ ያለው መስቀልና እ.ኤ.አ. በ1969 በአክሱም የተገኘው የግሪክኛ የድንጋይ ጽሑፍ ያስረዳሉ። የሮማው ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ቆንስጣንዮስ በ356 ገደማ የላከው ደብዳቤም ዒዛናንና ሳይዛናን በስም ይጠራል። ከዚህም የተነሣ አንዳንድ ሊቃውንት እነዚህን ከአብርሃና ከአጽብሐ ጋር አንድ ሲያደርጓቸው፣ ሌሎች ትውፊቱ የ6ኛውን መቶ ዓመት የካሌብ (ኤላ አጽብሐ) እና የየመኑን አብርሃ ስም ወደ ኋላ ወስዷል ይላሉ።

ስለ ፍሬምናጦስ፣ ማለትም ስለ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን፣ የሚተርከው ዋናው ጥንታዊ ጽሑፍ በ5ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ የተጻፈው የሩፊኖስ ታሪክ ነው። ሩፊኖስ ነገሩን ከፍሬምናጦስ ባልንጀራ ከኤዴስዮስ አፍ እንደሰማ ይገልጻል። እንግዲህ ዩኒቨርሲቲዎች የሚመኩበት ይህ ሰነድ ራሱ መሠረቱ የቃል ምስክርነት ነው።

ሁለቱም ማዕርጎች የየራሳቸው መለኪያ አላቸው። በአብነት ትምህርት ቤት ተማሪው ድጓን በቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕትን በዙር አምባ ሲያስመሰክር፣ የተቀበለውን ሳያጓድል መያዙ ይረጋገጣል፤ የነገሩ ዘመን ግን በዚህ አይረጋገጥም። የዩኒቨርሲቲ ዲግሪም ምንጭን የመመርመር ሥልጠናን ይመሰክራል እንጂ ከስሕተት ነጻ አያወጣም። የአባ ገሪማ ወንጌሎች ለዚህ አብነት ናቸው፦ ብዙ የሥነ ጥበብ ታሪክ አጥኚዎች ወደ 11ኛው መቶ ዓመት ገደማ ሲያወርዷቸው፣ መነኮሳቱ ግን የአባ ገሪማ የእጅ ሥራ መሆናቸውን ይናገሩ ነበር። የካርቦን ምርመራ ብራናዎቹን ከ4ኛው መጨረሻ እስከ 7ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ባለው ጊዜ ውስጥ አስገባቸው። ይህም ጸሐፊው ማን እንደሆነ ባያረጋግጥም፣ የገዳሙን ትውፊት ያለ ምርመራ መናቅ እንደማይገባ አሳይቷል።

እ.ኤ.አ. በ1972 የታተሙት የሥርግው ሐብለ ሥላሴና የታደሰ ታምራት መጻሕፍት የግእዝ ምንጮችን ከውጭ ሰነዶች ጋር በማመዛዘን፣ ሁለቱ የዕውቀት መንገዶች ሊጣመሩ እንደሚችሉ አስመስክረዋል።

ስለዚህ የታሪክ መምህር በክፍል ውስጥ ስለ ማንኛውም ቃል፦ ማን ተናገረው? ከማን ሰማው? ምንስ ሊመሰክር ይችላል? ብሎ ማስጠየቅ ይገባዋል። የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆችም ትውፊቱን፣ ድንጋዩንና ሰነዱን በየስማቸው ለይተው ጎን ለጎን ቢያቀርቡ፣ የመርጡለ ማርያም ልጅ የአባቶቹን ቃል ሳያፍርበት፣ ማስረጃንም ሳይፈራ መመርመርን ይለምዳል።