ሰንጠረዥ፤ ከነገሥታት እልፍኝ እስከ ኤሌክትሪክ ገበታ



አንድ የመንግሥት ሠራተኛ የዝውውር ደብዳቤ ደርሶት ከአዲስ አበባ ወደ አርባ ምንጭ ወረደ እንበል። ቤቱን በሲቀላ ተከራየ። ቀን በመሥሪያ ቤቱ ፋይል ሲያገላብጥ ይውላል፤ ማታ ግን ሰንጠረዥ የሚያውቅ ባልንጀራ ፈልጎ ያጣል። ስለዚህ ከሻንጣው አንዲት የኤሌክትሪክ ሰንጠረዥ አውጥቶ በጠረጴዛው ላይ ያኖራል፤ በባትሪ ድንጋይ ትሠራለችና መብራት ቢጠፋም በሻማ ብርሃን ይገጥማታል። ይህች ገበታ ከየት መጣች? ከአባቶቻችንስ ሰንጠረዥ ጋራ ምን ያዛምዳታል? የዛሬው ንግግራችን ስለዚህ ነው።

የጨዋታው መነሻ ሕንድ መሆኑን ብዙዎች የታሪክ ሊቃውንት ይናገራሉ። ከሕንድ ወደ ፋርስ፤ ከፋርስም ወደ ዐረብ አገር ተሻገረ። ዐረቦች ሸጥረንጅ ያሉትን እኛ ሰንጠረዥ አልነው። ጠጠሮቹም የዚያን ረጅም ጉዞ ምልክት በስማቸው ይዘው ቀርተዋል፤ ፊል በዐረብኛ ዝሆን ማለት ነው፤ ፈርዝም አማካሪ ማለት ሲሆን ከፋርስ የመጣ ቃል ነው።

በአገራችን ሰንጠረዥ የነገሥታትና የመኳንንት ጨዋታ ነበር። ዐፄ ልብነ ድንግል ከቬኒስ ከመጣ ቢቺኒ ከተባለ ሰዓሊ ጋራ ይጫወቱ እንደ ነበር በዘመኑ ተጽፏል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት የትግሬው ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱ አይቶ፤ የተማረከው ጠጠር በኃይል ተመትቶ ከሥፍራው እንደሚወገድ ጽፏል። የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደንም የጨዋታውን ሕግ በዝርዝር መዝግቦ፤ መጽሐፉ ከሞተ በኋላ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1868 ታተመ። ሪቻርድ ፓንክረስትም በ1971 ይህንኑ ታሪክ ሰብስበው በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት አውጥተዋል።

ገበታው ብዙ ጊዜ መስመር የተሰመረበት ቀይ ጨርቅ ነው፤ እንደ ዛሬው ጥቁርና ነጭ አይፈራረቅም። ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይራመዳል። ፊል በሰያፍ ወደ ሁለተኛው ቤት ይዘላል፤ በመካከል ያለውም ጠጠር አያግደውም። አውሮፓውያን በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ለፈርዝ ብዙ ኃይል ሰጥተው ንግሥት ሲያደርጉት፤ የእኛ ሰንጠረዥ የጥንቱን ሥርዓት እንደ ጠበቀ ኖረ።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ወረራ የሚባለው የጨዋታው መክፈቻ ነው። ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ፤ እያንዳንዱ የባላጋራውን አሰላለፍ እያየ ጠጠሮቹን እንደ ፈቀደ ያንቀሳቅሳል። ተራ የሚጀመረው የመጀመሪያው ጠጠር ከተማረከ በኋላ ነው። ዙሪያውን የተቀመጡት ተመልካቾችም ዝም አይሉም፤ ምክር ይሰጣሉ፤ ይከራከራሉ።

አሁን ወደ መኪናዋ እንመለስ። በ1769 ቮልፍጋንግ ፎን ኬምፕለን የተባለ ሰው ሰንጠረዥ የምትጫወት አሻንጉሊት ሠርቶ አውሮፓን አስደነቀ፤ ነገሩ ግን ማታለል ነበር፤ በውስጧ ሰው ተደብቆ ይጫወት ነበርና። እውነተኛዋን መኪና በ1912 የሠራው የስፔኑ መሐንዲስ ቶሬስ ኬቬዶ ነው፤ እርስዋም በንጉሥና በግንብ ብቻውን የቀረውን ንጉሥ ታሸንፍ ነበር። በ1950 አሜሪካዊው ክሎድ ሻነን የማስሊያ መኪና እንዴት ሰንጠረዥ መጫወት እንደምትችል አስረድቶ ጽሑፍ አወጣ። በ1977 ፊደሊቲ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ቼስ ቻሌንጀር የተባለችውን የጠረጴዛ ገበታ ለገበያ አቀረበ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ድምፅ አውጥታ የምትናገር ገበታ ወጣች። በ1997 ዲፕ ብሉ የተባለችው ታላቅ መኪና የዓለሙን ሻምፒዮን ጋሪ ካስፓሮቭን በ3½ ለ2½ ረታች።

የጠረጴዛዋ ገበታ አሠራር እንደሚከተለው ነው። ተጫዋቹ ጠጠሩን በቤቱ ላይ ጫን ሲያደርግ ገበታዋ እርምጃውን ታውቃለች፤ መልስዋንም በዳር ባሉት ትንንሽ መብራቶች ታመለክታለች። ሕግ ከተጣሰ በድምፅ ትከለክላለች፤ ቢጠየቁ እርምጃ ትጠቁማለች፤ የተሳሳተውንም ወደ ኋላ እንዲመልስ ትፈቅዳለች። ደረጃዋን ዝቅ ቢያደርጉላት ወዲያው ትመልሳለች፤ ከፍ ቢያደርጉባት ለረጅም ሰዓት ታስባለች። ማሰብ ስንል ግን ቈጠራ ነው፤ እኔ ይህን ባደርግ እርሱ ምን ያደርጋል እያለች ትዘረዝርና ለወታደር 1፤ ለፈረስ 3፤ ለግንብ 5፤ ለንግሥት 9 ያህል ዋጋ ሰጥታ ታመዛዝናለች። በመጀመሪያ ነጩ 20 አማራጭ አለው፤ ጥቁሩም 20፤ ስለዚህ እያንዳንዳቸው አንድ ጊዜ ብቻ ሲራመዱ 400 ልዩ ልዩ አሰላለፍ ይገኛል።

አንባቢ ሆይ፤ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ይህ ሁሉ ቈጠራ የቆመው በተራ ላይ ነው፤ ወረራ ግን ተራ የለውም። በገበያ የታወቁት ገበታዎችም የተሠሩት ለዓለም አቀፉ ሕግ ነው። ደግሞም ለመኪናዋ ማሸነፍ ሁሉ አንድ ነው። በአባቶቻችን ዘንድ ግን በኃይለኞቹ በደርና በፈረስ ንጉሥን መያዝ እምብዛም አያስመሰግንም ነበር፤ በደካሞቹ በፊል፤ በፈርዝና በወታደር ያሸነፈ ግን ይጨበጨብለት ነበር። ማሸነፉ ብቻ ሳይሆን በምን እንዳሸነፈ ይታይ ነበር ማለት ነው።

በሲቀላ ብቻውን ለሚያመሸው ወዳጃችን ገበታዋ መልካም አስተማሪ ናት፤ አንነቅፋትም። ነገር ግን ማስተማር የምትችለው ሰው ያስተማራትን ብቻ ነው። የእኛን ሰንጠረዥ ሕግ በዝርዝር ያቆየልን የባዕድ መንገደኛ ብዕር መሆኑን ስናስብ ልናፍር ይገባናል። ስለዚህ በዕድሜ የገፉ፤ ጨዋታውን ያዩ አባት ወይም እናት በአጠገብዎ ቢኖሩ ዛሬውኑ ጠይቀው ይጻፉ። ከዚያም ቀይ ጨርቅ ዘርግተው አንድ ጎረቤት ይጥሩ፤ ለወረራ ሁለት ሰው ያስፈልጋልና።