በጎጃም ቤቶች ስለሚገኘው የጥንት ገንዘብ ወረቀት

ገንዘብ ሁለት ነገር አለው፤ አንዱ በእጅ የሚዳሰሰው ብረት ወይም ወረቀት ነው፤ ሁለተኛው ያወጣው መንግሥት የሰጠው ቃል ነው። ቅኔ የተማረ ሰው ይህን ለማስተዋል አይቸገርም፤ ወረቀቱ ሰም፥ ቃሉ ወርቅ ነውና። ወርቁ የተለየው ሰም ግን ምን ይባላል?

በቡሬና በፍኖተ ሰላም፥ በዙሪያቸውም ባለው ገጠር፥ አባት ወይም እናት ባረፉ ጊዜ የቤቱ ዕቃ ሲፈተሽ ከሙዳይ ውስጥ ወይም ከዳዊት ቅጠል መካከል የታጠፈ የገንዘብ ወረቀት የሚገኝበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ ከወራሾቹ አንዱ ሀብት አገኘን ይላል፤ ሁለተኛው ዋጋው የሞተ ነው ብሎ ወደ እሳት ሊጥለው ይነሣል። ሁለቱም ሳይመረምሩ ስለ ፈረዱ ይስታሉ።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ባንክ፥ የአቢሲኒያ ባንክ፥ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በየካቲት 1898 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ የገንዘብ ወረቀትም በ1907 ዓ.ም. አወጣ። በ1923 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ባንክ በስፍራው ተተክቶ የራሱን ወረቀት አሳተመ። ነገር ግን ይህ ወረቀት በአብዛኛው በአዲስ አበባና በምድር ባቡሩ መሥመር ይዞር ነበር እንጂ የጎጃም ገበሬ የሚገበያየው በአሞሌና በጠገራ ብር ነበረ። ስለዚህ የእነዚህ የሁለቱ ባንኮች ወረቀት በጎጃም ገጠር ቢገኝ እጅግ ብርቅ ነው።

በ1928 ዓ.ም. ጠላት አገሩን በያዘ ጊዜ ባንኩ ፈረሰ፤ ኢጣልያኖችም በሊሬ ወረቀት ሕዝቡን ሊያስገብሩ ሞከሩ። ባላገሩ ግን ብሩን ቀብሮ ወረቀቱን ናቀ። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ገብተው በጎጃም ሲያልፉ፥ የእንግሊዝ መኰንኖች ለስንቅና ለአርበኞች የሚከፍሉትን ማርትሬዛ ብር በግመል ያስጭኑ ነበር፤ በወረቀት የሚሸጥላቸው አልነበረምና። በየካቲት ወር ቡሬ ከጠላት ነጻ ወጣ፤ መጋቢት 28 ቀንም ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ። ቀድሞ ወጀት ይባል የነበረው ስፍራ ፍኖተ ሰላም የሚለውን ስሙን ያገኘው ከዚህ ጉዞ ነው።

ከነጻነት በኋላ የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ጥቂት ዘመን ሠራ። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ አዲሱን ብር አወጣ፤ አንዱ ብር በሁለት ሽልንግ ተተመነ። ሕዝቡ ወረቀቱን ያምን ዘንድ ከእርሱ ጋራ እውነተኛ ብር ያለበት ሃምሳ ሳንቲም ተሰጠው።

ከዚህ በኋላ በ1969 ዓ.ም. ደርግ የንጉሡን መልክ የያዘውን ወረቀት ሁሉ ለወጠ፤ መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ደግሞ የአሥር፥ የሃምሳና የመቶ ብር ወረቀት እንዲለወጥ ታዘዘ። በሁለቱም ጊዜ ቀን ተቈርጦ ነበር፤ ሳይለውጥ የቀረ ሰው በእጁ የቀረው ወረቀት ብቻ ነው። እንግዲህ ገበሬው ብረቱን ማመኑን ድንቍርና የሚሉ ሰዎች ተሳስተዋል፤ ያወጣው መንግሥት ሲያልፍ ቃሉ አብሮ እንደሚያልፍ በዓይኑ አይቷልና።

ወረቀቱን ለመለየት አስቀድሞ የባንኩ ስም ይነበብ። የንጉሡ መልክ ኖሮበት «የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ» የሚል ከ1956 ዓ.ም. በፊት የወጣ ነው፤ «የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ» የሚል ከዚያ በኋላ ነው። የ1937ቱ አንድ ብር በበሬ የሚያርስ ገበሬ፥ አምስቱ ብር ቀፎ የተሰቀለበት ግራር ተሥሎበታል። ቀጥሎ ፊርማው ይታይ፤ የመጀመሪያው ገዥ የአሜሪካዊው የብላወርስ ፊርማ ያለበት ከኋለኞቹ ይቀድማል። የዘመን ቍጥርም አያሳስት፤ በደርግ ወረቀት ላይ ያለው 1969 በእኛ አቈጣጠር ነው እንጂ በፈረንጅ አይደለም። በጠገራ ብር ላይ ያለው 1780 ደግሞ ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ የተመታው ሁሉ ይህንኑ ስለሚይዝ ዕድሜውን አይናገርም።

ዋጋው በሦስት ነገር ይመዘናል፤ በብርቅነቱ፥ በጽዳቱና በእውነተኛነቱ። ብዙ የታተመው የ1969 ወረቀት ስላረጀ ብቻ ውድ አይሆንም። ማጠብ፥ መተኰስና በሙጫ መለጠፍ ዋጋውን ይሰብራል፤ እንደ ብራና ቅጠል ከእርጥበትና ከምስጥ ተጠብቆ ሳይታጠፍ ይቀመጥ። መንገደኛ ነጋዴ በጠራው የመጀመሪያ ዋጋ አይሸጥ፤ ዕውቀት ያላቸው ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ይዩት። ጠገራውም ለአንጥረኛ ከመሰጠቱ በፊት ይመዘን፤ ሃያ ስምንት ግራም ያህል ሆኖ ከስድስት እጅ አምስቱ ንጹሕ ብር ነው።

ከሁሉ በላይ ግን የተገኘበት ቤት፥ ያስቀመጠው ሰውና ዘመኑ በጽሑፍ ይያዝ። በወንጌል መክሊቱን የቀበረው ባሪያ ተወቅሷል፤ የጎጃም ገበሬ ግን የቀበረው ስንፍና ይዞት ሳይሆን የሚታመን ቃል ስላጣ ነው። ይህ ምክንያት ከወረቀቱ ጋራ ተጽፎ ለልጅ ካለፈ፥ ወርቁ የተለየው ሰም ሌላ ወርቅ አገኘ ማለት ነው።